ቅዳሜ የተበላሸች መኪና እሁድ ትሮጣለች?
ከሰው በፊት ከመኪና ጋር የሚታገሉት የድሮ መኪና አማተር ተወዳዳሪዎች

ለእኛ አገር የስፖርት ቤተሰብ የመኪና ውድድር ሲባል ፊት ለፊት ድቅን የሚለው ፎርሙላ ዋን ነው። ሹማኸር፣ ሃሚልተን፣ ቬርስታፐን... ጎማ ቅያሪው በሁለትና ሦስት ሴኮንድ ያልቃል። ከጀርባ መሐንዲሶች ኮምፒውተር ላይ አፍጥጠው ይቀመጣሉ። መኪናው የተበላሸበት ሾፌር ደግሞ ጓንቱን አውልቆ ወደ ማረፊያው ይሄዳል። በቃ! መፍቻ አይነካም፣ እጁ ዘይት አያይም።

ከዚህ ጋር በስም ብቻ የሚመሳሰል ሌላ የመኪና ውድድር አለ። የድሮ መኪኖች የአማተር ውድድር ይሉታል። ሾፌሩ ከሰኞ እስከ አርብ ሒሳብ ሠራተኛ፣ መምህር፣ የጥርስ ሐኪም ወይም የቧንቧ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። የሚነዳት መኪና ብዙ ጊዜ በዕድሜ ታላቁ ናት። መካኒኩ ራሱ ነው፣ ረዳቱ ደግሞ ወንድሙ፣ ሚስቱ ወይም ጎረቤቱ። ቢያሸንፍ የሚሸለመው አንዲት ትንሽ ዋንጫ ናት፣ ገንዘብ የሚባል ነገር የለም። እንዲያውም ከኪሱ አውጥቶ ነው የሚወዳደረው።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች ምን ፍለጋ ይደክማሉ? መልሱ ያለው በውድድሩ ሰዓት ሳይሆን ከዚያ በፊት ባለው ምሽት ነው። በዚህ ስፖርት ትልቁ ተጋጣሚ ከጎን የተሰለፈው ሾፌር አይደለም። ራሷ መኪናዋ ናት። የእሁዱ ውድድር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው ቅዳሜ ማታ፣ በባትሪ መብራት፣ ክሪክ ላይ በቆመች መኪና ስር ነው።

ኪስ ለሳሳው የተጀመረ

የዚህ ስፖርት ዋነኛ ሀገር እንግሊዝ ናት። እ.ኤ.አ. በ1934 የተመሠረተው የቪንቴጅ ስፖርት መኪኖች ክለብ ሐሳቡ ቀላል ነበር። አዲስ ስፖርት መኪና ለመግዛት አቅም የሌላቸው፣ ነገር ግን በአሮጌ መኪናም ቢሆን መፋጠን የሚፈልጉ ሰዎች ይሰባሰቡ የሚል። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1939 ሌላ ክለብ መጣ። ስሙ "750 ሞተር ክለብ" ነው። ስሙን ያገኘው ከኦስቲን 7 መኪና ሲሆን፣ ይህች መኪና 747 ሲሲ ሞተር ያላት፣ እ.ኤ.አ. ከ1922 እስከ 1939 የተመረተች፣ ለተራው ሕዝብ የተሠራች ሚጢጢ መኪና ነበረች።

ሚጢጢ ናት ብሎ መናቅ ግን አይቻልም። ኮሊን ቻፕማን የተባለ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1948 የመጀመሪያዋን ሎተስ የሠራት ከአሮጌ ኦስቲን 7 ላይ ነው። የሠራበት ቦታም ፋብሪካ እንዳይመስላችሁ፣ የፍቅር ጓደኛው ወላጆች ቤት ጓሮ ያለ ጋራዥ ነበር። ያ ስም በኋላ በፎርሙላ ዋን 7 ጊዜ የአምራቾች ሻምፒዮን ሆኗል። በሌላኛው የዓለም ጫፍ በኒውዚላንድ ደግሞ አባቱ ጋራዥ የነበረው ብሩስ ማክላረን የሚባል ልጅ ውድድር የጀመረው እንዲሁ በአሮጌ ኦስቲን 7 ነው። ዛሬ ማክላረን ሲባል የማያውቅ የለም። እ.ኤ.አ. በ2024 የፎርሙላ ዋን አምራቾችን ሻምፒዮና ያነሳው ቡድን የዚያ ልጅ ስም ነው።

መወዳደሪያ ቦታውስ? እሱም ቢሆን የጦርነት ትራፊ ነው። ሲልቨርስቶንም ጉድውድም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላን ማረፊያ ነበሩ። ጦርነቱ ሲያልቅ አውሮፕላኖቹ ሄዱ፣ አስፋልቱ ቀረ፣ ባለመኪናዎቹ ገቡበት። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1948 ውድድር ጀመሩ። ጉድውድ እ.ኤ.አ. በ1966 ውድድር አቁሞ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 በድሮ መኪኖች ውድድር እንደገና ተከፍቷል። እዚያ ከዝነኛ ሾፌሮችና ከሀብታም ባለንብረቶች ጋር መንደርተኛው አማተርም ተቀላቅሎ ይታያል። ልቡ ያለው ግን ካሜራ በማይበዛበት፣ ተመልካቹ ሻይ በፔርሙዝ ይዞ በሚመጣበት ተራ የክለብ ውድድር ላይ ነው።

ሦስት ዙር፣ አለዚያ ጉድ ፈላ

አሁን ወደ ውድድሩ ቅዳሜና እሁድ እንግባ። ተወዳዳሪው አርብ ከሥራ ሲወጣ መኪናዋን ተጎታች ላይ ጭኖ ይነሳል። መሣሪያው፣ መለዋወጫው፣ ትርፍ ጎማው፣ ድንኳኑ ሁሉ አብሮ ይጫናል። ቅዳሜ ጠዋት የመጀመሪያው ፈተና የቴክኒክ ምርመራ ነው። መርማሪው መሪውን ይነቀንቃል፣ ፍሬኑን ያያል፣ ቀበቶውን ይስባል፣ እሳት ማጥፊያውን ይፈትሻል፣ ከሥር ጎንበስ ብሎ ዘይት ወይም ቤንዚን የሚያንጠባጥብ ነገር እንዳለ ይመለከታል። ካልጣመው "ሂድና አስተካክለህ ተመለስ" ነው መልሱ።

ከዚያ የሰዓት ሙከራ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቢሆን ነው። በእንግሊዝ ደንብ ሾፌሩ በሙከራው ላይ ቢያንስ 3 ዙር መጨረስ አለበት። ሦስት ዙር ምን አላት ትሉ ይሆናል። ሰውየው ግን ወር ሙሉ ያጠራቀመውን ገንዘብ ከፍሎ፣ ሌሊቱን ነድቶ መጥቶ፣ በሁለተኛው ዙር ላይ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ቡልቅ ሲልበት አስቡት! ሦስተኛዋን ዙር እየተንፏቀቀም ቢሆን ሊጨርስ ይሞክር ይሆናል። ሙቀቱ ወደ ቀዩ ከደረሰ ግን ያቺ አንዲት ዙር ሞተሩን እንዳለ ልታስበላው ትችላለች። ቆሞ ሞተሩን ያድናል ወይስ ዙሯን ጨርሶ ቦታውን ያድናል? የሚወስነው በሴኮንዶች ውስጥ ነው፣ የሚያማክረው አሠልጣኝም የለም።

ልምድ ያላቸው ሰዎች ይቆማሉ። ሙከራ ያመለጠው ሾፌር አዘጋጆቹን ለምኖ በሌላ ምድብ ሰዓት ዙሩን ሊያሟላ፣ ከዚያም ከሁሉም ኋላ ተሰልፎ ሊነሳ ይችላል። የተቃጠለ ሞተር ግን ልመና አይሰማም።

ውሃ፣ እሳት፣ ቤንዚን

የድሮ መኪና ሕመሙ ብዙ ነው። ይሁንና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኮፈን ከፍተው የሚያዩዋቸው ሰዎች አብዛኞቹ ከሦስት ነገሮች አንዱን እያሳደዱ ነው። ውሃ፣ እሳት ወይም ቤንዚን።

ከቤንዚን እንጀምር። የድሮ መኪና ካርቡራተርና የቤንዚን መስመር ከሞተሩ ጋር ተጠጋግተው ነው የሚቀመጡት። ቀኑ ሲሞቅና መኪናዋ መነሻው ላይ ተሰልፋ ስትቆይ ቤንዚኑ በመስመሩ ውስጥ ፈልቶ ወደ አየር ይቀየራል። ፓምፑ አየር መግፋት አይችልም፣ ሞተሩ ይንተፋተፍና ጭጭ ይላል። ይህን ለእኛ ሾፌሮች ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ነው። በአሮጌ ቤንዚን መኪና ወደ ቆላ የወረደ ሰው እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ ጣል ማድረግን ያውቃል። እነሱም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ሻል ያለ ጊዜ ሲያገኙ ደግሞ መስመሩን ከማርሚታው አርቀው ያስሩታል ወይም ሙቀት በሚከላከል ነገር ይጠቀልሉታል።

እሳቱ ከካንዴላ ጀምሮ ወደ ኋላ ይፈለጋል። ካንዴላዋ ተፈታ ስትታይ ብዙ ትናገራለች። ጥላሸት ለብሳ ከጠቆረች ቤንዚን በዝቷል፣ ነጭ ሆና ከተቃጠለች አንሷል፣ ቡናማ ከሆነች ጤና ነው። ካንዴላዋ ደህና ሆና ሞተሩ የሚቆራረጥ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ፑንቲናዋና ወደ ኮንደንሰሯ ይሄዳል። ኮንደንሰር ማለት የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ርካሽ ዕቃ ናት። ስትሞቅ ታምማ ስትቀዘቅዝ ትድናለች፤ ስለዚህ ቆማ ስትመረመር ምንም የለባትም፣ ውድድር ላይ ግን ትገድላለች። በዚህች ዕቃ የተነሳ ካርቡራተር የፈቱ፣ ፓምፕ የቀየሩ፣ በመጨረሻ እያለቀሱ ወደ ቤታቸው የተመለሱ ስንት ናቸው! ስለዚህ አዋቂዎቹ ብዙ አይመራመሩም። ከሁሉ በፊት ርካሿን ቀይረው ይሞክራሉ።

ዝናብ ከመጣ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣችው ሚኒ በዚህ የታወቀች ናት። እሳት አከፋፋዩ ዲስትሪቢውተር ፊት ለፊት ከግሪሉ ኋላ ስለተቀመጠ ውሃ በቀጥታ ይረጨዋል፣ መኪናዋም ትሰጥማለች። መድኃኒቱ ምን መሰላችሁ? የዕቃ ማጠቢያ የላስቲክ ጓንት! አራቱ የካንዴላ ገመዶችና አንዱ የኮይል ገመድ በአምስቱ የጓንት ጣቶች ጫፍ ተበስቶ ይወጣሉ፣ መዳፉ ዲስትሪቢውተሩን ይሸፍናል። ይህች መኪና እ.ኤ.አ. በ1964፣ በ1965 እና በ1967 የሞንቴ ካርሎን ራሊ ያሸነፈች ናት እንግዲህ።

የሦስቱ ክፉ ግን ውሃው ነው። ሞተሩ ሞቆ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ከተበሳ ውሃና ዘይት ይገናኛሉ። የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ጥቁሩ ዘይት ማኪያቶ መስሎ ይገኛል። ያን ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ ፀጥታ ይሆናል። ጭኖ ወደ ቤት መሄድ አለ፣ ወይም ሌሊቱን ቴስታታ ማውረድ።

ለመሥራት የወሰኑት እንዲህ ያደርጋሉ። ውሃው ይፈሳል፣ ካርቡራተሩና ማርሚታው ይፈታሉ። ቫልቮቹን የሚገፉት ዘንጎች ሲወጡ ተራቸው እንዳይደባለቅ በተበሳ ካርቶን ላይ በቁጥር ይሰካሉ። ቴስታታው ይነሳና ቀጥ ያለ ብረት ማስመሪያ ተጋድሞበት መጣመም አለመጣመሙ ይታያል። ፊቱ በጥንቃቄ ይጠረጋል፣ አዲሱ ጓርኒሲዮን ይነጠፋል። ዳዶዎቹ የሚጠብቁት ደግሞ ደስ እንዳለ አይደለም። ከመካከል ተጀምሮ ወደ ዳር፣ በአንዴ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ፣ የጥብቀት ልክ በሚያሳይ መፍቻ ነው። የቫልቮቹ ክፍተት ይስተካከላል፣ የተበላሸው ዘይት ፈስሶ በአዲስ ይተካል፣ ውሃ ይሞላል፣ ሞተሩ ይነሳል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሞተር ማስጮህ በማይፈቀድበት ቦታ ደግሞ የመጨረሻዋ ሙከራ እስከ ንጋት ትጠብቃለች። ሰውየው ይተኛል ማለት ግን አይደለም፤ ጋደም ብሎ "የትኛውን ዳዶ ረሳሁ?" ሲል ያነጋል።

"ያገኘኸውን ግጠም" አይሠራም

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ "ለምን ዘመናዊ ሞተር ገጥመው አይገላገሉም?" ሊል ይችላል። አይቻልም። የስፖርቱ ሙሉ ትርጉም ያለው እዚያ ላይ ነው። መኪናዋ በዘመኗ በነበረችበት ሁኔታ መሮጥ አለባት። ለዓለም አቀፍ ውድድሮች የዓለም የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ለየመኪናዋ የቴክኒክ ፓስፖርት ይሰጣል። ሞተሩ፣ ካርቡራተሩ፣ ፍሬኑ፣ ካምቢዮው ምን ዓይነት እንደሆነ እዚያ ላይ ሰፍሯል። በዘመኗ ያልነበረ ዕቃ ከተገኘባት ያሸነፈችው ውድድር ሊሰረዝ ይችላል።

ስለዚህ የቅዳሜው ጥገና ከመንገድ ዳር ጥገና ይለያል። መኪናዋ መነሳቷ ብቻ አይበቃም፤ በሕጉ መሠረት መነሳት አለባት። ተፈላጊው ዕቃ ደግሞ ምርቱ ካቆመ 40 እና 50 ዓመት ሊሆነው ይችላል። እሁድ ጠዋት የትኛው ሱቅ ተከፍቶ ይገኛል? ስለዚህ የሚቀረው አንድ መንገድ ነው። ጎረቤትን መጠየቅ!

ተፎካካሪ ሲያበድር

እውነቱን ለመናገር የዚህ ስፖርት ትልቁ ቁምነገር ይህ ነው። ከጎን ያለው ድንኳን ውስጥ ያለው ሰው ነገ ተቀናቃኝ ነው። ሆኖም ፓምፕ ሲጠየቅ ፓምፕ፣ ፍሪሲዮን ሲጠየቅ ፍሪሲዮን አውጥቶ ይሰጣል። አልፎም እጅጌውን ሰብስቦ አብሮ ይተኛል፣ መኪና ሥር ማለቴ ነው። እሁድ ደግሞ ያበደረው ሰው በራሱ ዕቃ በተጠገነች መኪና ሲቀደም ይታያል።

የዋህነት ነው? በፍጹም። ሒሳብ አለው። አንደኛ፣ ተጋጣሚው ከሌለ ውድድር የለም። ሃያ መኪና ከተመዘገበበት ምድብ አሥሩ ቅዳሜ ተበላሽተው ከቀሩ እሁድ የሚታየው ሰልፍ ነው እንጂ ውድድር አይደለም። ሁለተኛ፣ የዛሬ አበዳሪ የነገ ለማኝ ነው። በ50 ዓመት መኪና የሚወዳደር ሰው "እኔ አልበላሽም" ብሎ መኩራራት አይችልም። የእኛ ዕቁብና ዕድር እንደሚሠራው ማለት ነው፤ ተራው የማይደርሰው የለም።

እንዲያውም ይህን መንፈስ ራሱን ውድድር ያደረጉት አሉ። የ750 ሞተር ክለብ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ በሲልቨርስቶን የሚታወቅበት የ6 ሰዓት የቅብብል ውድድር አለው። በርኬት ይባላል። አንድ ቡድን ብዙ መኪኖች ይዞ ይገባና በየተራ ይሮጣሉ። አንዷ ስትበላሽ ሌላዋ ተቀብላ ትወጣለች፣ የተበላሸችው ተጠግና እንደገና ተራ ትይዛለች። ደካማ መኪና የያዘ ቡድን ማካካሻ ዙሮች ስለሚሰጡት ሚጢጢዎቹም ጉልበተኞቹን የማሸነፍ ዕድል አላቸው። እዚህ ውድድር ላይ መበላሸት የዓለም ፍጻሜ አይደለም፤ የጨዋታው አንድ ክፍል ነው።

መቆምም ጀግንነት ነው

ይህን ሁሉ ስናወራ አንድ ነገር መርሳት የለብንም። መኪና በጉጉት አይጠገንም። ሌሊቱን ሙሉ የሠራ፣ ያልተኛ፣ ጓደኞቹን ያደከመ ሰው ጠዋት ላይ "ቀላል ነው፣ ይያዛል" ለማለት ይፈተናል። ፍሬኑ ትንሽ ይስባል... ከካምቢዮው ትንሽ ዘይት ያንጠባጥባል... አንዷ ብሎን አልጠበቀችም... ምን ይላል ታዲያ?

ብዙ ይላል። ቀደም ሲል በኦስቲን 7 የጀመረውን ብሩስ ማክላረንን አንስተን ነበር። ያ ሰው እ.ኤ.አ. ሰኔ 2 ቀን 1970 በዚያው በጉድውድ አዲስ የውድድር መኪናውን ሲሞክር የኋላው የአካል ክፍል በፍጥነት ላይ ሳለ ተገነጠለ። መኪናው ከቁጥጥር ወጥቶ ተጋጨ፣ ማክላረንም በ32 ዓመቱ አረፈ። እሱ አማተር አልነበረም። ከዓለም ምርጥ ሾፌሮችና ሠሪዎች አንዱ ነበር። በእንዲህ ያለ ሰው ላይ የደረሰ በቅዳሜና እሁድ ሾፌር ላይ አይደርስም ያለ ማነው? የሚንጠባጠብ ዘይት ደግሞ ባለቤቱን ብቻ አይደለም የሚጎዳው፣ ከኋላው የሚመጣውን ሁሉ ያንሸራትታል።

ስለዚህ እሁድ ጠዋት መኪናውን መልሶ ተጎታች ላይ የሚጭን ሰው እንደ ተሸናፊ አይታይም። ቆርጦ ማቆም የሚችል ሾፌር የሚቀጥለው ወር ይመለሳል። ጥሩ መካኒክም የሚለየው በመጠገኑ ብቻ አይደለም፤ "ይህ ዛሬ አይሆንም" ለማለት በመድፈሩም ነው።

ከሞያሌ ማዶ፣ ከዚያም እዚህ

ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጨዋታ ነው የሚል ካለ ከሞያሌ ማዶ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1953 የተጀመረው የምሥራቅ አፍሪካው ሳፋሪ ራሊ ዝነኛ የሆነው በፍጥነቱ ሳይሆን መኪና በመስበሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ከተነሱት 84 መኪኖች የጨረሱት 7 ብቻ ናቸው። ያሸነፈችው ደግሞ እኛም አገር በደንብ የምትታወቀው ፔጆ 404 ናት። በዚያ ሲኦል ውስጥ ነው ኬንያዊው ጆጊንደር ሲንግ የነገሠው። ሲንግ ከሾፌርነቱ በፊት የመፍቻ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 ከወንድሙ ጋር ሆኖ ያሸነፈው ባለፈው ዓመት ሳፋሪ ላይ በሮጠች ያገለገለች ቮልቮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 እና በ1976 ደግሞ በሚትሱቢሺ ላንሰር ደገመ፣ ሠለሰ። ከ22 ሳፋሪዎች 19ኙን ጨርሷል። ከሦስቱ ድሎች ይልቅ ይህ ቁጥር ነው መካኒክነቱን የሚናገረው።

ሳፋሪው 50 ዓመት ሲሞላው እ.ኤ.አ. በ2003 በድሮ መኪኖች ብቻ የሚካሄድ የሳፋሪ ክላሲክ ራሊ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2011 ያሸነፈው ስዊድናዊው ቢዮርን ቫልደጎርድ 68 ዓመቱ ነበር፣ አጠገቡ ተቀምጦ መንገድ ይመራው የነበረው ደግሞ ልጁ ነው። ቫልደጎርድ የቀድሞ የዓለም ሻምፒዮን ቢሆንም በዚህ ራሊ አብረውት የሚሰለፉት ብዙዎቹ በራሳቸው ገንዘብ የሚመጡ ግለሰቦች ናቸው። እዚያም ቢሆን ቀኑ የሾፌሩ፣ ሌሊቱ የመካኒኩ ነው።

የእኛስ ነገር? ቮልስ፣ ፊያት 600፣ ፔጆ 404፣ ላዳ... እነዚህን መኪኖች አምራቾቻቸው ከረሷቸው በኋላ ለአሥርት ዓመታት በሕይወት ያቆዩት የእኛ ጋራዦች ናቸው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ እያሉ የጣሊያኑን ቃል ከአባት የወረሱ፣ የሌለ ዕቃ በቶርኖ ቀርጸው የሚያወጡ መካኒኮች በየሰፈሩ አሉ። እንግሊዛዊው አማተር ዓመት ጠብቆ ቅዳሜ ማታ የሚሠራውን ሥራ እነሱ በአዘቦት ቀን፣ በዝናብ፣ መንገድ ዳር ሠርተውታል።

ስለዚህ ችሎታ ጎደለን ማለት አይቻልም። የሚያስፈልገው መጀመሪያ እንግሊዞቹ በ1934 እንዳደረጉት መሰባሰብ ነው። ከዚያ ከሕዝብ መንገድ የተለየ፣ አጥርና አምቡላንስ ያለው ቦታ፣ ከዚያ ደግሞ ብሎን የሚነቀንቅ ጠንካራ መርማሪ። ሎተስም ማክላረንም ከጋራዥ ነው የተነሱት። ቮልሱን ጓሮ አቁሞ በላስቲክ የሸፈነ ሰው እስቲ ላስቲኩን ይግለጠው። ባትሪው ሞቶ ይሆናል፣ ጎማው ተንፍሶ ይሆናል። ግዴለም፣ ጎረቤት ጠይቆ ይጀምር።